ጂኖርም፣ ኖርምፋይንደር፣ ቤስትኪፐር፣ ሬፍፋይንደር፦ አራቱንም በላም ኦቫሪ ላይ ሞክሬያቸው የታዘብኩት

"ጋፕዲኤችን ለምን መረጥሽው?" አሉኝ ቲሲሴን ስከላከል ፈታኙ ዶክተር። ጋፕዲኤች የሌሎች ጂኖችን መጠን ስንለካ እንደ ማነጻጸሪያ የምንይዘው ጂን ነው። እውነተኛው መልስ "ፕራይመሩ (ጂኑን ለይቶ የሚያበዛልን አጭር ዲኤንኤ) ፍሪዘር ውስጥ ስለነበረ" ነው። ከኔ በፊት የነበረው ልጅ ተጠቅሞበታል፣ ከሱ በፊት የነበረችውም ተጠቅማበታለች፣ ማን እንዳስመጣው እንኳ የሚያስታውስ የለም፣ በቃ ላቡ ውስጥ እንደ ሙቀጫ እየተወራረሰ የመጣ ነገር ነው። እኔ ግን እዛ ቆሜ "ብዙ ሰው ስለሚጠቀምበት፣ ሀውስኪፒንግ ጂን (ማንኛውም ሴል ለዕለት ኑሮው የሚፈልገው) ስለሆነ" ምናምን እያልኩ ቀባጠርኩ። እሳቸው ፈገግ ብለው "ብዙ ሰው በምን ቲሹ ላይ?" ሲሉኝ ላብ በላብ ሆንኩ። አስተካክላ ትመለስ ተባለና ያው ስራው እንደገና ተጀመረ።

በዚ ሰበብ ነው እንግዲ አራቱንም ሪፈረንስ ጂን መምረጫ ሶፍትዌሮች በራሴ ዳታ ላይ ቁጭ ብዬ የሞከርኳቸው። ስለነሱ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ፈልጌ ስላጣሁ ቬተርነሪም ባዮቴክም ለምትማሩ ይጠቅማል ብዬ ጻፍኩት፣ ርዝመቱን ቻሉት።

ለማታውቁት ባጭሩ፣ ኪውፒሲአር (የአንድን ጂን ግልባጭ በየዙሩ እያባዛን መጠኑን የምንለካበት ዘዴ) ላይ የምናገኘው ሲቲ የሚባል ቁጥር ነው፣ ማሽኑ ስንተኛው ዙር ላይ ምልክቱን እንዳየ የሚናገር (ሲቲ ስካን አይደለም፣ እናቴ ስልክ ላይ ሳወራ ሰምታ ደንግጣ ነበር)። ግን ከአንዱ ናሙና ያወጣነው አርኤንኤ (የጂኖቹ ግልባጭ) በዛ ያለ ከሌላው ደግሞ አነስ ያለ ሊሆን ስለሚችል ሲቲውን ብቻውን ማወዳደር አይቻልም፣ ስለዚ በሁሉም ናሙና ውስጥ መጠኑ አይለወጥም የምንለውን ጂን እንደ ኪሎ ድንጋይ ሚዛኑ ላይ እናስቀምጠዋለን። ሪፈረንስ ጂን ማለት እሱ ነው። ድንጋዩ ራሱ ጠዋት 1 ኪሎ ከሰዓት ግማሽ ኪሎ ከሆነ ግን ሽንኩርቱ ስንት እንደሆነ ማን ያውቃል? 1 ሲቲ ልዩነት እኮ እጥፍ ማለት ነው። ጋፕዲኤች በአንዱ ቡድን ጨምሮ ሲቲው በ1 ዝቅ ቢል፣ ምንም ያልሆነው የኔ ጂን በግማሽ ቀነሰ ተብሎ ግራፍ ላይ ይወጣል፣ ከላዩም "ልዩነቱ የአጋጣሚ አይደለም" የሚል ኮከብ ይደረግበታል።

ኦቫሪ (እንቁላል የሚመረትበት) ደግሞ ለዚ ነገር በጣም አስቸጋሪ ቲሹ ነው። ጉበት ዛሬም ጉበት ነው ነገም ጉበት ነው። የላም ኦቫሪ ግን 21 ቀን ገደማ በሚፈጀው ዑደት ውስጥ ፎሊክል (እንቁላሉን የያዘው ከረጢት) ያድጋል፣ ይፈነዳል፣ ቦታው ላይ ኮርፐስ ሉቲየም ይሰራል፣ በደም ስር ይሞላል፣ ፕሮጄስትሮን ያመርታል፣ እርግዝና ከሌለ ደግሞ ፕሮስታግላንዲን የሚባል ኬሚካል ይመጣና ያፈርሰዋል። ዛሬ የፈጨሁት ቁራሽ አብዛኛው ግራኑሎሳ ሴል (ፎሊክሉን ከውስጥ የሚሸፍነው) ሊሆን ይችላል፣ ከሌላ ላም የቆረጥኩት ደግሞ ሉቲያል ሴል (የኮርፐስ ሉቲየሙ) እና ደም ስር። ሁለቱንም "ኦቫሪ" ብዬ ቱቦው ላይ ጽፌባቸዋለሁ።

አሁን ጋፕዲኤችን እዚ መሀል አስቡት። ስራው ግሉኮስ የሚሰባበርበት መስመር ላይ ነው። ግራኑሎሳ ሴሎች ኤፍኤስኤች በሚባለው ፎሊክል አሳዳጊ ሆርሞን ሲነቃቁ የግሉኮስ አጠቃቀማቸው ይጨምራል፣ ኦክስጅን ሲያንስም ከፍ ከሚሉት ጂኖች አንዱ ጋፕዲኤች ነው፣ ግራኑሎሳው ጋ ደግሞ ፎሊክሉ እስኪፈነዳ ድረስ ደም ስር አይገባም። ቤታ አክቲንም ያው ነው፣ የሴል አጥንት ስለሆነ ሴል ሲራባ ቅርፁን ሲቀይር ሲንቀሳቀስ አብሮ ይነቃነቃል፣ ፎሊክል ወደ ኮርፐስ ሉቲየም ሲቀየር ደግሞ ከዚ ሌላ ምን አለ? "እኔ 18ኤስ (የራይቦዞም አርኤንኤ) ነው የምጠቀመው" የሚሉም አሉ። 18ኤስ ከመብዛቱ የተነሳ ሲቲው 10 አካባቢ ይመጣል፣ የምትለኩት ጂን 28 ላይ እያለ፣ ኮረሪማን በኩንታል ሚዛን እንደመመዘን ነው፤ በዛ ላይ የፖሊ ኤ ጅራት ስለሌለው ሲዲኤንኤውን (ከአርኤንኤው የሚገለበጠውን ዲኤንኤ) በኦሊጎ ዲቲ፣ ማለትም ጅራቱን ይዞ በሚጀምር ፕራይመር፣ ብቻ ከሰራችሁ በወጉ አይገለበጥም።

እንቁላሉ ራሱ ላይ ለምትሰሩ ሌላ ጣጣ አለ። እንቁላሉ ሲበስል አዲስ አርኤንኤ መስራት አቁሟል፣ ያለው ኤምአርኤንኤ ግን አንዱ ጅራቱ ያጥራል ሌላው ይረዝማል፣ ስለዚ በኦሊጎ ዲቲ ከገለበጣችሁት የጅራት ለውጥን የመጠን ለውጥ አድርጋችሁ ታነባላችሁ። ጅራት ሳይፈልግ የትም ቦታ የሚለጠፈው ራንደም ሄክሳመር ነው የሚሻለው። የሰው ኦቫሪ ካንሰር ላይ ያላችሁ ደግሞ የክሮሞዞም ቁራጭ የሚባዛበትና የሚጎድልበት ቲሹ ስለሆነ ሪፈረንስ ያላችሁት ጂን የተቀመጠበት ቦታ ራሱ ዕጢው ውስጥ ተባዝቶ ሊሆን ይችላል።

ወደኔ ልመለስ። ናሙናዬ ከቄራ ነው፣ ለሊት 10 ሰዓት ተነስቼ የበረዶ ሳጥን ተሸክሜ ስሄድ ዘበኛው አሳ ነጋዴ ይለኝ ነበር። ኦቫሪዎቹን በኮርፐስ ሉቲየሙ መልክ አራት ደረጃ አድርጌ ከፈልኳቸው፦ ከ1 እስከ 4 ቀን ያለው ገና ደም የቋጠረ ነው፣ ከዛ ከ5 እስከ 10፣ ከ11 እስከ 17 ብርቱካንማ ይሆናል፣ ከ18 እስከ 20 እየገረጣ ይሄዳል። ፈሳሽ ናይትሮጅን ለማግኘት ያየሁትን ፍዳ ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ፣ ከብት የሚያዳቅሉ ሰዎች ባይተባበሩኝ ኖሮ እስካሁን ፕሮፖዛል ላይ ነበርኩ። አንድ ቅዳሜና እሁድ መብራት ሄዶ 6 ናሙና ተበላሸብኝ። አርኤንኤያቸውን ጄል ላይ ሳየው ያልተሰባበረ መሆኑን የሚያሳዩት ሁለቱ መስመሮች ጠፍተው ጭስ ብቻ ነው የቀረው። "ሪፈረንስ ጂኑ ያስተካክለዋል" ብሎ የመከረኝ ጓደኛ ነበር፣ አያስተካክለውም፣ የተሰባበረ አርኤንኤ ሁሉንም ጂን እኩል አይጎዳም፣ በሆዴ እያለቀስኩ ጣልኳቸው።

ዕጩ አድርጌ ያስገባሁት 8 ጂን ነው፦ ጋፕዲኤች፣ ቤታ አክቲን፣ ዋይደብልዩኤችኤዜድ፣ ኤስዲኤችኤ፣ ኤችፒአርቲ1፣ ቲቢፒ፣ አርፒኤልፒ0 እና ፒፒአይኤ። ለምን እነዚ? ስራቸው የተለያየ ስለሆነ ነው፣ አንዱ ሚቶኮንድሪያ ውስጥ ነው፣ አንዱ ራይቦዞም ላይ፣ አንዱ የጂን ማስነሻው ጋ፣ አንዱ ፕሮቲን ማጠፍ ላይ። ይሄ ለምን እንደሚጠቅም ጂኖርም ላይ ስደርስ ይገባችኋል። አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ ጋፕዲኤችና አክቲን ጂኖም ውስጥ ብዙ ሲውዶጂን (የማይሰራ የጂን ቅጂ) አላቸው፣ እነሱ ደግሞ ኢንትሮን (ከኤምአርኤንኤው ተቆርጦ የሚወጣው የጂን ክፍል) የሌላቸው ግልባጮች ስለሆኑ "ፕራይመሬ ኢንትሮን ይዘላል" ብላችሁ አትተማመኑ፣ ፕራይመሩ እነሱንም አንድ ላይ ያበዛቸዋል። ዲኤንኤዝ (ዲኤንኤ የሚያጠፋ ኢንዛይም) አድርጉ፣ ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ (አርኤንኤን ወደ ዲኤንኤ የሚገለብጠው ኢንዛይም) ያልገባበት ኮንትሮልም ስሩ። እኔ መጀመሪያ ላይ ሪኤጀንት ለመቆጠብ ትቼው ነበር፣ ዋጋዬን አገኘሁ።

እሺ አሁን ሪቪው።

ጂኖርም የመጣው 2002 ላይ ነው፣ ከቤልጂየም ከጌንት ዩኒቨርሲቲ። ሀሳቡ ቀላል ነው፣ ሁለት ጂኖች ሁለቱም ካልተለወጡ በመካከላቸው ያለው ሬሽዮ በየናሙናው አንድ አይነት መሆን አለበት። እያንዳንዱን ጂን ከሌሎቹ ሁሉ ጋር እያጣመረ ኤም የሚባል ቁጥር ይሰጠዋል፣ ኤሙ ትልቅ የሆነውን ያባርራል፣ እንደገና ያሰላል፣ እንደገና ያባርራል፣ መጨረሻ ሁለት ጂን ይቀራሉ፣ እነዚን ሁለቱን ማበላለጥ አይችልም። ኤም ከ1.5 በታች ይሁን ነው የተባለው፣ በኋላ ግን አንድ አይነት ለሆኑ ናሙናዎች አማካዩ ከ0.5 በታች፣ ለተደባለቁት ደግሞ እስከ 1 የሚለው መጣ። የኔ ኦቫሪ የተደባለቀው ውስጥ ነው የሚገባው።

የምወድለት ነገር ቪ የሚለውን ቁጥር ነው። "ስንት ሪፈረንስ ጂን ይበቃኛል?" ለሚለው ጥያቄ ከአራቱ ቀጥታ የሚመልሰው እሱ ብቻ ነው። ሦስተኛ ጂን ስጨምር ለውጡ ከ0.15 በታች ከሆነ ሁለቱ ይበቃሉ፣ ሦስተኛውን ለመግዛት ብር አታውጪ ማለት ነው፣ በዶላር ዋጋ ፕራይመር ለሚያስመጣ ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም። የተመረጡትን በጂኦሜትሪክ አማካይ አንድ ላይ ታደርጓቸዋላችሁ።

የማልወደው፣ አብረው የሚወጡና የሚወርዱ ጂኖች ያታልሉታል። ሁለት የራይቦዞም ፕሮቲን ጂን ብታስገቡ ሁለቱ ተያይዘው ሲወጡ ሲወርዱ ሬሽዮአቸው ስለማይለወጥ አንደኛ ብሎ ይሸልማቸዋል። ሁለት ውሸታሞች ቃላቸውን አስማምተው ቀርበው ዳኛው እንዳመናቸው ነው። ለዛ ነው ከየሰፈሩ አንድ አንድ ጂን ያስገባሁት። ሌላው፣ ሲቲውን እንዳለ አትስጡት፣ መጀመሪያ ወደ መጠን ቀይሩት፣ የጂኑን ኢፊሸንሲ (ፕራይመሩ በየዙሩ ስንት እጥፍ እንደሚያበዛ) ይዛችሁ ከትንሹ ሲቲ ላይ የናሙናውን ሲቲ ቀንሳችሁ። እኔ መጀመሪያ ሲቲውን ለጥፌ የወጣልኝን ቆንጆ ግራፍ ለአድቫይዘሬ ልኬላቸው ነበር፣ እግዜር ይስጣቸው አልሳቁብኝም። ከ5 4 እሰጠዋለሁ።

ኖርምፋይንደር 2004 ላይ ከዴንማርክ ከኦርሁስ የመጣ ነው፣ ለኦቫሪ ደግሞ የኔ ምርጫ እሱ ነው። ምክንያቱም ቡድን ያውቃል። ይሄ ናሙና ከደረጃ 1፣ ይሄ ከደረጃ 3 ብላችሁ ስትነግሩት በቡድን ውስጥ ያለውን መዋዠቅና በቡድኖች መካከል ያለውን ልዩነት ለየብቻ ያሰላል። ልዩነቱን ያየሁት በራሱ በጋፕዲኤች ነው። እያንዳንዱ ደረጃ ውስጥ ሲታይ ጨዋ ልጅ ነው፣ ሲቲው እንደተሰበሰበ ነው፣ ቡድን ሳልሰጠው ባስሮጠው ኖሮ ጥሩ ነው ብሎ ያሳልፍልኝ ነበር። ቡድኖቹን ስሰጠው ግን ከመጀመሪያው ደረጃ ወደ ሦስተኛው ሲሄድ እንዳለ ተያይዞ እንደሚንሸራተት ወለል ብሎ ወጣ። ለካ ሁለት አመት ሙሉ የለካሁት የኔን ጂን ሳይሆን የጋፕዲኤችን መንሸራተት ነው!! ማታ ላፕቶፑን ዘግቼ ሻይ ለማፍላት ተነሳሁና ውሀውን ጥጄ ረሳሁት፣ ድስቱ ተቃጠለ።

ጉድለቱስ? ናሙና ይፈልጋል። ቢያንስ 3 ጂንና በቡድን 2 ናሙና ካለ ይሮጣል፣ ግን የሚመከረው ከ5 እስከ 10 ጂንና በቡድን 8 ናሙና ነው፣ በሦስት ሦስት ናሙና የምትሰሩ ሰዎች የሚወጣውን ቁጥር ብዙ አትመኑት። ከዕጩዎቹ ውስጥ ብዙዎቹ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄዱ ከሆነም ይሳሳታል፣ ምክንያቱም የዕጩዎቹን አማካይ ነው እንደ መሬት የሚቆምበት። ስንት ጂን ይበቃል የሚለውን እንደ ጂኖርም አይነግራችሁም፣ ሁለት ተደጋጋፊ ጂኖችን አጣምሮ ግን ያሳያል፣ አንዱ ወደ ላይ ሲያዘነብል ሌላው ወደ ታች የሚያዘነብል ጥንድ ስላገኘልኝ ለብቻቸው አንደኛ ከወጡት ይልቅ እነሱ ተሻሉ። የኤክሴል አድኢን ነው፣ ማክሮ ፍቀዱለት፣ ቡድኑን መጨረሻው መስመር ላይ ጻፉ፣ ባዶ ሴል ካገኘ ይቀየማል። ከ5 4 ተኩል።

ቤስትኪፐር ላይ ብዙ አልቆይም። ከሙኒክ ቴክኒካል ዩኒቨርሲቲ፣ እሱም 2004፣ ኤክሴል ነው፣ ጥሬ ሲቲ ለጥፋችሁ ትሄዳላችሁ፣ እስከ 10 ጂንና 100 ናሙና ይይዛል። የሲቲው ስታንዳርድ ዲቪዬሽን ከ1 በላይ የሆነውን ጂን አትጠቀሙበት ይላል፣ የተረፉትን ኢንዴክስ አድርጎ ከኢንዴክሱ ጋር ያላቸውን ኮሪሌሽን ያሳያል። ችግሩ ጥሬ ሲቲ ላይ ስለሚሄድ አርኤንኤውን ወይ ሲዲኤንኤውን ሲለካ እጁ የተንቀጠቀጠ ሰው ስህተት በጂኑ ላይ ይቆጠራል። እኔ የምጠቀምበት ለሌላ ነገር ነው፣ ሁሉም ጂኖች አንድ ናሙና ላይ አንድ ላይ ዘለው ካየሁ ጂኑ ሳይሆን ናሙናው ነው የታመመው፣ እንደ ቴርሞሜትር ማለት ነው። ከ5 3።

አሁን ሬፍፋይንደር። ይሄን ብዙ ሰው ይወደዋል፣ ለምን እንደሚወደውም ይገባኛል፣ ኢንተርኔት ላይ ነው፣ ኤክሴልም ማክሮም ኢንስቶልም የለም፣ ሲቲ ለጥፈህ አንዴ ትጫናለህ፣ ሦስቱንም ከላይ ያልኳቸውን እና ዴልታ ሲቲ የሚባለውን አራተኛ ዘዴ አስልቶ አንድ የመጨረሻ ደረጃ ይሰጥሃል። ቲሲስ ላይ ለጥፎ ለመሄድ እንደሱ የሚመች የለም። ግን ሦስት ነገር ልብ በሉ።

አንደኛ ሲቲ ብቻ ነው የሚቀበለው፣ ኢፊሸንሲ የምታስገቡበት ቦታ የለም፣ ሁሉም ፕራይመር 100 ፐርሰንት ይሰራል ብሎ ነው የሚያስበው። የናንተ 100 ነው? ስታንዳርድ ከርቭ (አንድ ናሙና በታወቀ መጠን እየቀጠነ ሲቲው የሚለካበት መስመር) ስትሰሩ ስሎፑ ነጌቲቭ 3.32 ከሆነ አዎ። ከ90 እስከ 110 ያለው ተቀባይነት አለው፣ ግን 90 የሆነው ፕራይመር በየዙሩ በ2 ሳይሆን በ1.9 ነው የሚያበዛው። ትንሽ ትመስላለች አይደል? 20 ዙር አስቡት፣ በ2 ከሆነ 1 ሚሊዮን 48 ሺህ ይደርሳል፣ በ1.9 ግን 376 ሺህ ገደማ። ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ልዩነት ነው። ደረጃው የሚገለባበጠው በዚ ነው፣ እኔም ሲቲዬን በኢፊሸንሲ አስተካክዬ ስመልሰው ከላይ ያሉት ጂኖች ቦታ ተቀያየሩ።

ሁለተኛ ቡድን አይጠይቅም። ይሄ ማለት ውስጡ ያለው ኖርምፋይንደር ቡድን ሳያውቅ ነው የሚሮጠው፣ ለኦቫሪ የምፈልገውን ዋናውን ጥቅሙን አውልቆ ጥሎት ማለት ነው። ስለዚ "ኖርምፋይንደርም ተጠቅሜያለሁ" ብላችሁ በሬፍፋይንደር በኩል የወጣውን አትጻፉ።

ሦስተኛ የመጨረሻው ደረጃ የአራቱ ደረጃዎች ጂኦሜትሪክ አማካይ ነው። አራት ዳኛ ይመስላል ግን ዴልታ ሲቲና ጂኖርም ሁለቱም ጂን ከጂን እያጣመሩ ስለሚያዩ አስተሳሰባቸው የአንድ ቤት ልጆች ነው፣ አንዱ ሰው ሁለት ካርድ እንደያዘ ቁጠሩት። ደግሞ ደረጃ ሲሆን በ1ኛና በ2ኛ መካከል ያለው ክፍተት ይጠፋል፣ የፀጉር ልዩነትም ይሁን ገደል እኩል "1፣ 2" ተብሎ ይወጣል። ሁሌም አንደኛ አለ፣ ስምንቱም መጥፎ ቢሆኑ እንኳ አንደኛ አለ። ከ5 2 ተኩል፣ እሱም ለፈጣን እይታ ብቻ።

"ታዲያ በየትኛው ልስራ?" ለምትሉ እኔ የማደርገው፣ በቤስትኪፐር የታመመ ናሙና ፈልጌ አወጣለሁ፣ በኖርምፋይንደር ቡድን ሰጥቼ ጂኖቹን አወዳድራለሁ፣ በጂኖርም ስንት እንደሚበቃኝ አያለሁ። አር የሚባለውን የስታቲስቲክስ ፕሮግራም የምትችሉ ከሆነ ኖርምኪውፒሲአር የሚባል የባዮኮንዳክተር ፓኬጅ አለ፣ ጂኖርምና ኖርምፋይንደርን አንድ ላይ ይዟል፣ የኤክሴል ማክሮ ጣጣ የለበትም። የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ ደግሞ 2009 ላይ የወጣው ማይኪው የሚባለው መመሪያ ሪፈረንስ ጂን እንደማይለወጥ በራስ ናሙና ላይ መረጋገጥ እንዳለበት ይላል፣ 2025 ላይም ታድሶ ወጥቷል፣ እኔ ዲፌንስ ላይ ይሄን አንብቤ ቢሆን ኖሮ እንደዛ አልቀባጥርም ነበር።

መጨረሻ ላይ የትኞቹ ጂኖች ወጡልሽ ብላችሁ ብዙዎቻችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። አልናገርም ሃሃ። ስስት አይደለም። የኔ ናሙና ኮርፐስ ሉቲየም ያለበት ኦቫሪ ነው፣ ከቄራ ነው፣ ብዙዎቹ የቦረና ላሞች ናቸው። ዛሬ እዚ ብጽፈው ነገ የፍየል ግራኑሎሳ ላይ የሚሰራ ልጅ ኮፒ ያደርገዋል፣ ከነገ ወዲያ የሱ ፕራይመር ፍሪዘር ውስጥ ይገባል፣ ከዛ ፈታኙ ለምን መረጥከው ሲሉት ምን ሊል ነው። ጠቅላላ ስራው 8ቱን ጂን ለማረጋገጥ ከፕራይመር ማዘዝ ጋር 4 ወር ፈጀብኝ፣ ከ4ቱ ወር ሁለት ወር ተኩሉ ጉምሩክና አስመጪ ነው፣ ሶፍትዌሮቹ ላይ የቆየሁት አንድ ሳምንት እንኳ አይሞላም።

አሁን አድቫይዘሬ ቴካ ሴል (ፎሊክሉን ከውጭ የሚሸፍነው) እንጨምር ብለዋል። ሌላ ሴል ስለሆነ የመረጥኳቸው ጂኖች እዛ ላይ ይሰሩ አይሰሩ አላውቅም፣ 8ቱንም ፕራይመር ዛሬ ጠዋት ከፍሪዘር አውጥቼ በረዶ ላይ ደርድሬያቸዋለሁ፣ ጋፕዲኤችም አብሮ ተሰልፏል።